ወርኃ ሰኔና የአያቴ ጓሮ

የአበባን ነገር የሚያነሣ ሁሉ መስከረምን ማስቀደሙ የተለመደ ነው። ሊቃውንቱ ከመስከረም 26 ቀን አንሥተው በማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ሲያነጉ፣ ልጃገረዶች እንግጫና አደይ ይዘው ከደጅ ወደ ደጅ ሲዞሩ፣ ሠዓሊውም የአገሩን ውበት ሊያሳይ ሲነሣ ቢጫ የለበሰውን ተራራ ሲስል፣ ከዚያ ሁሉ ልምላሜ በፊት ስላለፈው፣ ጭቃና ጭጋግ ስለሚበዛበት፣ ሰው ከቤቱ መውጣት ስለሚሰለችበት ስለ ወርኃ ሰኔ ግን ምስጋና የሚያቀርብ እምብዛም አይገኝም። እኔ ያደግሁበትን ጓሮ ባሰብሁ ቍጥር በዐይነ ሕሊናዬ ቀድሞ የሚመጣው የሰኔ አፈር ነው፤ በዚያ ግቢ በመስከረም ከፈነዳው ጽጌ ሁሉ፣ በሰኔ ወር ወይ ከአንድ ሰው እጅ ወደ ሌላ ሰው እጅ ያልተሻገረ፣ ወይ በአረም መካከል ተለይቶ ያልታለፈ አንድ እንኳ አልነበረምና።

ግቢው ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ከሚያወጣው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ ዘመኑም የ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቤቱ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ፣ ለነዋሪው የሚጠብ ቤት ነበር፤ ጓሮው ግን ዳገታማ በመሆኑ ማንም ቤት ሊሠራበት ስላልተመኘው ሰፊ እንደ ሆነ ቀርቶ፣ በላይ በኩል በሐበሻ ጽድ፣ በግራና በቀኝ በግራዋ አጥር ተከብቦ፣ ቁልቁል ወደ አንዲት ትንሽ ምንጭ ይወርድ ነበር። እኛ ልጆች አባባ የምንላቸው ወንድ አያቴ ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ። እማማ የምንላቸው ሴት አያቴ ደግሞ ፊደል ያልቈጠሩ፣ ነገር ግን የዕፀዋትን ስም፣ ጠባይና ፈውስ ከእናታቸው የተማሩ የጎጃም ሴት ነበሩ።

በዚያ ቤት ክረምት የሚገባው ሁለት ጊዜ ነበር። አባባ ዓመቱን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በአራት ክፍለ ዘመን ለይተው ያውቁት ስለ ነበረ፣ መፀው በመስከረም 26፣ በጋ በታኅሣሥ 26፣ ጸደይ በመጋቢት 26፣ ክረምትም በሰኔ 26 ቀን እንደሚገባ፣ ከዚያም እስከ ሐምሌ 18 ድረስ ያለው ጊዜ ዘርዕና ደመና የሚታሰብበት እንደ ሆነ እየቈጠሩ፣ ከሰኔ 26 አስቀድሞ «ክረምት ገባ» የሚል ሰው ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቁሩ ነበር። እማማ ግን ባለቤታቸውን በሌላው ነገር ሁሉ እያከበሩ፣ በዚህ በአንዱ ነገር የሚያምኑት አፈሩን ብቻ ነበር። ጧት ጧት ወደ ጓሮ ወርደው፣ ጎንበስ ብለው፣ ጣታቸውን በመደቡ ውስጥ ሰድደው እርጥበቱ ስንዝር ያህል መዝለቁን ካረጋገጡ፣ ያን ቀን ክረምት ገብቷል፤ አንዳንዱ ዓመት በግንቦት መጨረሻ፣ አንዳንዱም ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ይውላል። የዚህን ነገር ምክንያት ያስተዋልሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በአዲስ አበባ በዓመት ከሚወርደው 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚዘንብ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ያለው የበልግ ዝናብ ግን መጥቶ የሚሄድ፣ ተስፋ ሰጥቶ የሚከዳ ነው፤ የላዩ አፈር ብቻ በአንድ ካፊያ ሲርስ ተቻኵሎ የዘራ ሰው ዘሩ በቅሎ ሳለ ፀሐይ ተመልሳ ታቃጥልበታለች። ስለዚህ የእማማ ጣት ከልማድ የመጣ ብቻ ሳይሆን ልክ ያለው መለኪያ ነበር።

ከዝናቡ በፊት ግን የሚሠራ ሥራ ነበረ። ግንቦት 1 ቀን፣ የልደታ ለማርያም ዕለት፣ ጎረቤቱ ሁሉ በደጅ ተሰብስቦ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ቡናውን አፍልቶ፣ ተመራርቆ ከተለያየ በኋላ፣ በማግስቱ ዶማው ከጎተራው ሥር ይወጣል። በጋውን የደረቀው መደብ ይቈፈራል፣ ጓሉ ይከሰከሳል፣ ላም ካላቸው ጎረቤቶች የመጣውና በጥላ ሥር ተከምሮ የከረመው ፍግ ከአመድ ጋር ተቀላቅሎ ይበተናል። ነገር ግን ለእማማ ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው የውሃው ነገር ነበር። ዳገታማ ቦታ ላይ ያለ ጓሮ በሐምሌ ጎርፍ አፈሩ ተጠርጎ ወደ ምንጭ እንደሚወርድ ስለሚያውቁ፣ ከቤቱ ክዳን የሚወርደውን ውሃ የሚቀበል ቦይ ያስቈፍሩ ነበር፤ ቦዩም ቁልቁል እንዳይሄድ፣ ዳገቱን በአግድም እየተሻገረ ቀስ እያለ እንዲወርድ፣ በየመታጠፊያውም ድንጋይና የጠጅ ሳር ጉቶ እንዲቆምበት ያዝዛሉ። «ውሃ መንገድ ካላሳያችሁት የራሱን ያወጣል» ይሉን ነበር። የአፈርን መጠረግ ለመከልከል ዳገትን በአግድም ማረስና ማሰር እንደሚገባ የሚያስተምሩ የግብርና ባለሙያዎችን ንግግር በብዙ ዓመት ዘግይቼ ስሰማ፣ ትምህርቱ አዲስ ያልሆነብኝ ስለዚህ ነው።

ለምግብ ስለሚተከለው ብዙ አላወራም። ጎመኑ በችግኝ፣ ድንቹ ከጎነቈለ በኋላ በመስመር ይተከላል፤ በቆሎው በአጥሩ ሥር፣ ዱባው ፍግ በተከመረበት ጉድጓድ አፍ ላይ ይዘራል። የሰኔው የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 5 ድረስ ስለሚቆይ፣ ከበጋው የተረፈው ጎመን ቅጠሉ ሳያልቅ አዲሱ እንዲደርስ ማድረግ የእማማ ዋና ጭንቀት ነበር። ድንችን ግን አባባ እንደ መጤ እንግዳ ይመለከቱት ነበር፤ በእርግጥም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1858 ዓ.ም. ገደማ፣ በትግራይ ብዙ ዘመን የኖረው ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ወደ አገራችን እንዳስገባው የሚነገር ተክል ነውና፣ ከጤፍና ከእንሰት ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር ገና ትናንት የመጣ ነው።

ለመዓዛና ለመድኃኒት የሚተከሉት ግን በቤቱ ዙሪያ፣ በመስኮቶቹ ሥር፣ የሰው እጅ በቀላሉ ከሚደርስበት ቦታ ተሰልፈው ይበቅሉ ነበር። ጤና አዳም ሥሩ ውሃ ሲተኛበት ስለሚበሰብስ ከመደቡ ሁሉ ከፍ ባለውና ጠጠር በበዛበት ጥግ ይቀመጣል። አሪቲና አደስ ለበዓል ቀን ከቀጤማው ጋር ለሚጎዘጎዘው፣ ጠጅ ሳር ለጠረኑና ለአፈሩ መያዣ፣ ኮሰረት ለቅቤው፣ ዳማከሴ በክረምት ለሚመጣው ምች ነበሩ። በሶብላ ከሰኔ ዝናብ ጋር ተዘርቶ በመስከረም ነጭና ሐምራዊ አበባ ሲያወጣ፣ ንቡ ከሌላው አበባ ሁሉ አስቀድሞ ወደ እርሱ ይመጣ ነበር፤ እማማም አበባው ሳይረግፍ በሙሉ ዛላው ቈርጠው፣ በጥላ አድርቀው፣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ያስቀምጡታል። በዚያ ጓሮ ለዐይን ብቻ የተተከለ፣ ለሆድም ብቻ የተተከለ ተክል መለየት አስቸጋሪ ነበር። ዛሬ አትክልት ለወጥ፣ አበባ ለጌጥ ተብሎ ሁለቱ በተለያየ አጥር መከለላቸውን ሳይ፣ ከዚያ አንድነት አንዳች ነገር የጐደለብን ይመስለኛል።

ወደ አበባው ልመለስ። በሰኔ አጋማሽ፣ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ሲዳምንና አየሩ ሲርስ፣ የተቈረጠ ዘንግ ሥር ሳያወጣ የሚደርቅበት ፍርሃት ስለሚቀንስ፣ ጽጌረዳ የሚባዛበት ጊዜ ይደርሳል። እማማ ባለፈው ዓመት ያበበውን፣ የጠነከረውን ግን ያልሸመገለውን ቅርንጫፍ መርጠው፣ በስለታም ቢላዋ ከእንቡጥ ዐይን በታች በሰያፍ ቈርጠው፣ ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ትተው ሌላውን ሁሉ ይመለምሉና፣ ከርዝመቱ ሁለት እጁን በአፈር ይቀብሩታል፤ አፈሩንም በእግር ሳይሆን በጣት ጠበቅ ያደርጉታል። ከሚቈርጡት ላይ ለራሳቸው የሚያስቀሩት ጥቂቱን ነበር። ከዚያ ሳምንት አንሥቶ የጓሮው በር ሳይንኳኳ የሚመሽበት ቀን አልነበረም።

«እሜቴ፣ ከዚያ ከቀዩ አንድ ዘንግ ቢያደርጉልኝ።»

«ለምን አንድ? አንዱ ቢደርቅብሽስ? ሦስት ውሰጂ ልጄ፤ ሁሉም ከጸደቀ አንዱን ለሌላ ትሰጫለሽ።»

ይህ ንግግር በየዓመቱ ሲደጋገም ስለ ሰማሁት፣ የተናጋሪዎቹን ድምፅ ሳይቀር ዛሬ መለየት እችላለሁ። አበባ በገንዘብ የሚገዛ ነገር መሆኑን በዚያ ሰፈር ማንም አያውቅም ነበር፤ እያንዳንዱ ተክል የሰጪው መታሰቢያ ሆኖ በሰጪው ስም ይጠራ ነበር። ቀዩ ጽጌረዳ የመጣው ከአባባ የክርስትና ልጅ ቤት ነው፤ ሮዛማው ከቄሰ ገበዙ ባለቤት፤ በዘይት ቆርቆሮ በደጃፉ የተደረደረው ጄራንየም በጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተኝተው ከተመለሱ ከአንድ ሻምበል እናት። አንዱ ተክል ሲታመም «የእገሊት ጽጌረዳ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ» ተብሎ ለሰጪዋ ይነገራታል፤ እርሷም መጥታ ታያለች፣ ከራሷ ግቢ ሌላ ዘንግ ይዛ ትመጣለች። በዚህ ምክንያት የሰፈሩ አበባ በአጥር ተከፋፍሎ ይታይ እንጂ በእውነቱ አንድ ነበር፤ አንዱ ግቢ የጠፋበትን ዘር ሌላው ግቢ ያኖርለታልና።

ዳልያውን የሰጠችን አርመናዊት ልብስ ሰፊ ነበረች። የእማማን የጥምቀት ቀሚስ ሰፍታ ስትጨርስ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ከደረቀ ስኳር ድንች የማይለይ ሥር ሰጠቻቸውና፣ ሰኔ እስኪገባ በደረቅ ቦታ አስቀምጠው በዝናቡ መጀመሪያ እንዲቀብሩት ነገረቻቸው። እማማ ነገሩን ባያምኑም ቃሏን አክብረው ተከሉት፤ በነሐሴ፣ ከቡሄ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ጭጋጉ ከተራራው ላይ ወርዶ የሰውን ፊት እንኳ በሚሸፍንበት ሰሞን፣ የሳሕን ስፋት ያለው ወይን ጠጅ አበባ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። የዳልያ የትውልድ አገር የሜክሲኮ ደጋ ሲሆን፣ በዚያም ቢሆን ዝናቡ የሚወርደው እንደ እኛው ከሰኔ አንሥቶ በመሆኑ፣ የአዲስ አበባን ክረምት እንደ አገሩ ቈጥሮ መቀበሉ የሚያስደንቅ አይደለም። ያን ጊዜ ይህን ባለማወቄ፣ ሌላው ሁሉ አበባ በሚያርፍበት ወር የሚያብብ ተክል መኖሩ በልጅነቴ ታላቅ ምሥጢር ሆኖብኝ ነበር። ልብስ ሰፊዋም በየዓመቱ በነሐሴ መጥታ አበባውን ሳታይ አትቀርም ነበር፤ ከእማማ ጋር በግማሽ አማርኛ እያወጋች፣ ቡናዋን ጠጥታ፣ አንድ አበባ ይዛ ትሄዳለች።

ከሁሉ የምወድዳት ግን እንሶስላን ነው። እንሶስላ የአገራችን ደጋ ልጅ ናት፤ ከምንጭ ዳር፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ አፈሩ ጥቁርና እርጥብ በሆነበት ስፍራ ትበቅላለች። በበጋ ግንዷ ደርቆ ከምድር ላይ ይጠፋና፣ ቦታዋን የማያውቅ ሰው ባዶ መሬት መስሎት በዶማ ይቈፍራታል፤ እማማ ግን በዙሪያዋ ድንጋይ ከብበው ስለሚያስቀምጡ በግንቦት ቍፋሮ ጊዜ ያ ክብ ቦታ እንደ ቤተ መቅደስ ተከብሮ ይታለፋል። የሰኔ ዝናብ ወርዶ አፈሩ እንደ ራሰ፣ ቀላ ያለው ለስላሳ ግንዷ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንዝር ያህል ሲመዘዝ ማየት፣ ለእኛ ለልጆቹ በየማለዳው የሚያስነሣን ደስታ ነበር። አበባዋ ነጭ ነው፤ ጉሮሮዋ ላይ ቀይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለው፤ ከኋላዋም ቀጭንና ረጅም ጅራት ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ሲመሽ መዓዛዋ ይጨምራል። ፍሬዋ ሲበስል በጣት ቢነኩት ዘሩን በድንገት ይበትናልና፣ ያን ለማድረግ ስንሻማ የተጣላንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

እማማ ይህችን ተክል ከጎጃም ሲመጡ በስልቻ ይዘዋት የመጡ ሲሆን፣ እርሷም ከእናታቸው የተሰጠች ነበረች። ሥሯ ዱባ መሳይ ወፍራም ነው፤ እርሱ ተቈፍሮ፣ ታጥቦ፣ በሙቀጫ ተወቅጦ፣ እጅና እግር ላይ ተለጥፎ በጉሎ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲታደር ቆዳን ያቀላል። ክረምት ለሴቶች የጭቃና የውሃ ዘመን በመሆኑ፣ እግራቸው በእርጥበት እንዳይቈስል ያጠነክርልናል እያሉ እርሱኑ ይጠቀሙበት ነበር። ስለዚህ በሐምሌ አንድ ምሽት የሰፈሩ ሴቶች በእማማ ቤት ይሰበሰቡና፣ እሳት ዙሪያ ተቀምጠው፣ አንዷ የሌላዋን እግር ይዛ እየቀባች፣ ውጭ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲጮኽ፣ ወሬውና ሣቁ እስከ እኩለ ሌሊት ይቀጥላል። እኔ ወንድ ልጅ በመሆኔ ከዚያ ክብ ውጭ ብቀመጥም፣ ትንሿ እኅቴ ግን መዳፏን ትቀባ ነበር፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዳ እጆቿን ስታሳይ የነበራት ኩራት ዛሬም ፊቷ ላይ ያለ ይመስለኛል። እማማ ሥሩን ሲቈፍሩ ሙሉውን አይወስዱትም፤ ከጎኑ ቈርጠው የቀረውን በአፈር መልሰው ይሸፍኑታል። ይህን ያዩ ጎረቤቶች «ለምን ሙሉውን አይነቅሉትም?» ሲሏቸው፣ «የእናቴ ናት፤ እናቴን ልጨርሳት?» ብለው መለሱላቸው።

ከሐምሌ በፊት የሚሠራው የመጨረሻው ከባድ ሥራ የሰኔ አረም ነበር። ዝናቡና ፍጉ የሚመግቡት ተክሉን ብቻ አይደለምና፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙጃው፣ ሰርዶውና ጨጎጊቱ መደቡን ሁሉ ያለብሱታል። እማማ ይህን ሥራ ለማንም አምነው አይሰጡም፤ እኛን ልጆች ግን በጎናቸው እያንበረከኩ ያስተምሩን ነበር። ትምህርቱ ምን እንደሚነቀል ሳይሆን ምን እንደሚታለፍ ነበር። ከሁሉ በፊት የሚያሳዩን የአደይን ቡቃያ ነው፤ ቅጠሏ በቀጭን በቀጭኑ የተሰነጣጠቀ፣ ግንዷ ለስላሳ፣ በዚያ ዕድሜዋ ከማናቸውም ርካሽ አረም የማትለይ ናት። አደይን ማንም አይተክላትም፤ ባለፈው መስከረም ያበበችው ዘሯን ራሷ ትበትናለች፣ ዘሩም በጋውን በደረቅ አፈር ተኝቶ ይከርምና በሰኔ ዝናብ ይነቃል። በሰኔ የበቀለችው በመስከረም ታብባለች፤ በሰኔ የተነቀለችው ግን በመስከረም የለችም። አንዳንዷ ቡቃያ ጎመኑ መካከል ስትበቅል እማማ እርሷን ላለመንቀል ጎመኑን ያዛውሩ ነበር፤ አባባም ይህን ባዩ ጊዜ «ሰው ለማይዘራው ነገር ቦታ ማስለቀቅ ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁ እንጂ አልከለከሏቸውም። እኛም ጓሮውን ለቅቀን ወደ ሜዳው ስንወጣ፣ ከብት በሚግጥበት ቦታ ሳይቀር በእግራችን የምንረግጠውን ሣር እያየን መሄድ ለመድን።

የእንጦጦም ተራራ በዚህ ሰሞን የራሱ ጌጥ ነበረው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አብዛኛውን ዳገት ቢይዘውም፣ በየፈፋውና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የቀረው የጥንቱ ደን ጽዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውንና ቢጫ አበባ ያለውን አምጃ ጠብቆ ነበር፤ በቍጥቋጦው ላይም ተምቤለል ነጭ ኮከብ መሳይ አበባዋን ትዘረጋለች። ቀጋም በዚያ አለች። ቀጋ ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የበቀለች ብቸኛዋ የጽጌረዳ ዘር ናት፤ አምስት ነጭ ቅጠል ብቻ ያላት፣ እሾኋ የበዛ፣ ፍሬዋን እረኞች የሚበሉት ተክል ናት። አገራችን ዛሬ በሆለታ፣ በቢሾፍቱና በባቱ አካባቢ በፕላስቲክ ቤት የሚያድጉ ጽጌረዳዎችን በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ እየላከች፣ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ በሁለተኛ ደረጃ ላይ መቆሟን እሰማለሁ። ብዙ ሰው፣ ይልቁንም ብዙ ሴት፣ እንጀራ የሚያገኝበት ሥራ ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን የእነዚያ አበቦች ዘር መብት ያለው፣ ያለ ፈቃድ ከዘንጉ ቈርጦ ማባዛት የተከለከለ መሆኑን ያወቅሁ ቀን፣ እማማ በጓሮ በር ላይ ሦስት ሦስት ዘንግ ሲያድሉ ትዝ ብለውኝ፣ በሁለቱ ዓለም መካከል ያለው ርቀት እጅግ ከበደኝ።

በ1967 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከታወጀ በኋላ፣ የጓሮው የታችኛው ግማሽ ለሌሎች ቤተ ሰቦች ተከፍሎ ተሰጠ። አባባ ከዚያ በፊት ዐርፈው ነበር። እማማ አዲሶቹ ጎረቤቶች በመጡበት ሳምንት ቡና አፍልተው ጠሯቸው፤ ቡናው ካለቀ በኋላም የእንሶስላው ክብ ድንጋይ የት እንዳለ፣ ጤና አዳሙ ለምን ከፍ ባለው ቦታ እንደ ተተከለ፣ ቦዩ በየት እንደሚታጠፍ አንድ በአንድ እየዞሩ አሳዩአቸው። ከመጡት ውስጥ አንዷ ወጣት እናት ከወሎ በረሃብ የወጣች ነበረችና፣ በእጇ ምንም ተክል ሳትይዝ መምጣቷን እየተናገረች ስታለቅስ፣ እማማ ከሁሉ ዐይነት ዘንግ ዘንግ ቈርጠው በነጠላዋ ቋጠሩላት። ያ ጊዜ ሐምሌ በመሆኑ ብዙው ጸደቀ።

እማማ ካረፉ በኋላ ቤቱ ሲፈርስና ቦታው ለሌላ ሥራ ሲውል፣ የተረፈውን ተክል ለመካፈል የመጣነው ዘመዶች ብቻ አልነበርንም፤ ሰፈሩ ሁሉ ነበር። እንሶስላዋ አሁን በዘመዳችን ግቢ በሱሉልታ ትገኛለች። ቀዩ ጽጌረዳ በሦስት ቤት አለ፤ ከእነርሱ አንዱ የዚያች የወሎ ሴት የልጅ ልጅ ያለበት ቤት ነው። ዳልያው የት እንዳለ ሲጠየቅ እያንዳንዱ ሰው የሌላውን ስም ይጠራል። እኔ የምኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በመሆኑ ድርሻዬ በበረንዳ ላይ ባለ ባልዲ የሚያድግ ጤና አዳምና ጥቂት በሶብላ ነው፤ ሰኔ ሲገባ ግን ወደ ታች ወርጄ፣ በሕንፃዎቹ መካከል ያለውን ሣር የሚያጭደውን ወጣት የአደይን ቡቃያ አሳየዋለሁ። በመጀመሪያ ጊዜ ሳሳየው ዝም ብሎ ቢያደምጠኝም፣ በመስከረም አንዳንድ ቦታ ሳይታጨድ ቀርቶ ባየው ጊዜ ልቤ በደስታ ተነካ።

ትንሿ እኅቴ ከብዙ ዓመት በፊት ወደ አሜሪካ ሄዳ በሜሪላንድ ትኖራለች። በዚያ አገር ሰኔ የዝናብ ሳይሆን የፀሐይ መጀመሪያ ነው፤ ውርጩ በሚያዝያ መጨረሻ ካለቀ በኋላ ሰዉ ሁሉ ወደ ግቢው ይወጣል። በቤቷ ጀርባ ባለው ጠባብ መሬት ላይ የምትተክለው ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላና ጤና አዳም ነው። በሶብላው በመጀመሪያው የመኸር ውርጭ ይሞታልና በየዓመቱ ከዘር ትጀምረዋለች፤ ጤና አዳሙ ግን በረዶ ተቀምጦበት ከርሞ በጸደይ እንደ ገና ያቈጠቍጣል፤ ይህንንም በስልክ ስትነግረኝ ስለ ሰው ልጅ ጽናት የምታወራ ትመስላለች። ባለፈው ዓመት በሰኔ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ምእመናኑ ከመኪናቸው ውስጥ ችግኝ እያወጡ ሲለዋወጡ፣ አንዲት ከዚህ ቀደም አይታት የማታውቃት ወጣት ሴት መጥታ ከጤና አዳሙ አንድ ዘንግ ለመነቻት። እኅቴ ሦስት ሰጠቻት። ልጅቱ አመስግና ከሄደች በኋላ፣ ከፍ ባለ ጠጠራማ ቦታ እንድትተክለውና ውሃ እንዳታበዛበት ሳትነግራት መቅረቷ ትዝ ስላላት፣ በቀጣዩ እሑድ በሕዝቡ መካከል ፈልጋ አግኝታ ነገረቻት፤ ልጅቱንም የት እንደ ተከለችው ጠየቀቻት፣ አድራሻዋን ተቀበለች፣ በሐምሌም ሄዳ አየችው።